መጀመሪያ እናትሽን ለኪ፣ ቀጥሎ ሐረጎን አስቢ

ጥያቄው ከደሴ ነው የመጣው። ጠያቂዋ አስተማሪ ናት። ባጭሩ እንዲህ ትላለች፦

«ጋሼ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የነዳናት ዶልፊን አለችን። ባለቤቴ የኋላ ወንበሮቿን አውጥቶ የእንጨት አልጋ ሠርቶላታል። መስከረም ላይ ግሸን፣ ለገና ላሊበላ፣ ሲመቸን ደግሞ ሐይቅ እንሄድባታለን። እዚያው ውስጧ እናድራለን። አሁን ግን ጠበበችን። ሦስቱ ልጆቼ አድገዋል። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ጎንበስ ብላ መግባት አቅቷታል። ባለቤቴ ኮስተር እንግዛ ይላል፤ ኮምቦልቻ የሚሸጥ አግኝቷል። እኔ ባለ ረጅም ጣራውን አባዱላ ነው የማስበው። ወንድሜ ደግሞ ቅጥቅጥ ግዙና እንደፈለጋችሁ አሠሩት ይለናል። ትልቁን ብንገዛ ይሻላል ወይ? ደላላው ቶሎ ወስኑ እያለ ነው።»

አብሽሪ እህቴ። ደላላ መቸኮሉ ሥራው ነው፤ አንቺ ግን አትቸኩዪ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ «ከዚህ በኋላ አታገኙትም» የሚለው ቃል የደላላ ሁሉ ማስፈራሪያ ሆኗል። አገር ውስጥ ያለው መኪና ግን እጅ እየቀያየረ ነው። ዛሬ የቀረባችሁ ነገ በሌላ በኩል ይመጣል።

ሐሳቤን መጀመሪያ ላይ ላስቀምጥልሽ። ረጅሙን፣ ባለ ረጅም ጣራውን ሃይኤስ ግዙ። አንቺ ያሰብሽውን ማለቴ ነው። ኮስተርን ጠልቼው አይደለም። በጣም የማከብረው መኪና ነው፣ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። እናንተን ሳስብ ግን ሁለት ነገር ፊቴ ላይ ይመጣል። አንዱ ጉልበቷን የሚያማት እናትሽ ናት። ሌላው ሐረጎ ነው፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ቁልቁለት። ባለቤትሽም አብሮሽ ያንብበው።

ትልቅ መኪና የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ርዝመት ነው። ስንት ሰው ያስተኛል? ስንት ሻንጣ ይይዛል? እኔ ግን የሚያድርበት መኪና ለሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ቁመት ነው። መኪና ውስጥ ሰውን የሚያደክመው መተኛቱ አይደለም። ጎንበስ ብሎ መንቀሳቀሱ ነው። ልብስ ለመቀየር፣ ብርድ ልብስ ለማጠፍ፣ ሌሊት ለመውጣት፣ ሁሉም ጎንበስ ነው። ጉልበቱ ደህና የሆነ ሰው ይችለዋል። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግን ግማሽ ቆሞ ግማሽ ተቀምጦ መራመድ ሥቃይ ነው።

እንግዲህ ሜትር አምጪና እናትሽን ለኪያት። ጫማዋን አድርጋ፣ ራሷ ላይ የምታስረውን አስራ። አባዱላ የምንለው ሃይኤስ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ዓይነት ነው። አጭሩ 4.70 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጣራውም ዝቅ ያለ ነው። ይሄ ለእናንተ ከዶልፊኗ ብዙም ለውጥ የለውም። ረጅሙ ግን 5.38 ሜትር ርዝመት፣ 1.88 ሜትር ስፋት አለው። ከመሬት እስከ ጣራው 2.28 ሜትር ይሆናል። ውስጡ ከባዶ ወለል እስከ ጣራ 1.63 ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ላይ የወለል ጣውላና የጣራ ልባስ አራት አምስት ሴንቲ ይበላል። ስለዚህ እናትሽ ከነጫማዋ ከ1.57 በታች ከሆነች ቀጥ ብላ ትቆማለች። የእኛ አገር እናቶች ብዙዎቹ እዚህ ልክ ውስጥ ይገባሉ። ባለቤትሽ ጎንበስ ማለቱ አይቀርለትም፤ ይህን አልደብቃችሁም። እናትሽ ከዚህ በላይ ከሆነች ደግሞ ምክሬ ይለወጣል።

ጣራው ካጠረ «አስቆርጠን እናስነሳዋለን» የሚል ሰው አይጠፋም። አታድርጉት። ሃይኤስ እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም። ወለሉ፣ ግድግዳውና ጣራው ተያይዘው ነው የሚሸከሙት። ጣራውን የቆረጠ ሰው ከሸክሙ አንዱን እጅ ቆርጧል። ተበይዶ ሲያልቅ ያምራል፣ በዓመቱ በሩ አልገጥም ይላል፣ ከበሩ ማዕዘን ላይ ቀለሙ መሰንጠቅ ይጀምራል። ሰውነቱ እየታጠፈ ነው ማለት ነው።

ከጣራው ቀጥሎ መግቢያውን እዪ። የመጀመሪያው መርገጫ ከመሬት ስንት ሴንቲ ይርቃል? የቤታችሁን ደረጃ ለክተሽ አወዳድሪው። የቤት ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ነው። መኪናው ከዚያ እጥፍ ከሆነ መሐል ላይ የሚታጠፍ መርገጫ አሠሩ። ጎበዝ በያጅ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ከመርገጫው ይልቅ ግን መያዣው ይበልጣል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው በክንዱ ነው የሚወጣው። በበሩ በሁለቱም በኩል፣ ከወገቧ እስከ ትከሻዋ የሚደርስ ጠንካራ የብረት መያዣ ይኑር። ኮስተር ላይ በሩ ጠበብ ይላል፣ ደረጃ ወጥተሽ ነው የምትገቢው። የሃይኤስ ተንሸራታች በር ግን ሰፊ ነው። እናትሽ መጀመሪያ ወለሉ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ዞራ እግሯን ማስገባት ትችላለች። ይህን ከእሷ ጋር ሆነሽ ካላየሽው በቀር ዋጋው አይገባሽም።

በሩን ካነሳን አይቀር፣ ብዙ ሰው የሚያልፈውን አንድ ነገር ልንገርሽ። ጃፓን የሚነዱት በግራ በኩል ነው። ለዚያ አገር መንገድ የተሠራ ሃይኤስ ተንሸራታች በሩ በግራ ነው የሚከፈተው። መሪው ዞሮ እኛ አገር ሲገባ በሩ ግን እዚያው ቀርቷል። እኛ ደግሞ በቀኝ ነው የምንነዳው። መንገድ ዳር ስትቆሙ እናትሽ የምትወርደው ወደ መኪኖቹ ነው። በሁለቱም በኩል በር ያለው ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለውን አትግዙ። መሪው የዞረ መሆኑን ለማወቅ ዳሽቦርዱን እዪ፤ ከስር የተቆረጠና የተለጠፈ ፕላስቲክ ካለ፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹም ወደ ሹፌሩ ያለውን መስታወት በደንብ ካልጠረጉ ዞሯል። የመሪው ዘንግ ላይ ብየዳ ካየሽ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ሳትጠይቂ ተመለሺ።

አሁን ወደ ሐረጎ እንሂድ። መኪና ሻጭ ሁሉ ዳገት ላይ ነው የሚያሳይሽ። «ተመልከቺ ሲወጣ!» ይልሻል። አንቺ ግን ሲወርድ ማየት እፈልጋለሁ በዪው። ዳገት ያቃተው መኪና ይቆማል፤ ሰው ወርዶ ከጎማው ስር ድንጋይ ያደርጋል። ቁልቁለት ያቃተው መኪና አይቆምም።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርጃለሽ። ያ ከፍታ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱን የሚቀበለው ወይ ሞተሩ ነው፣ ወይ ፍሬኑ። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። ከነጭነቱ 3 ቶን የሆነ ሃይኤስ 600 ሜትር ሲወርድ የሚወጣው ሙቀት ከ50 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። 5 ቶን የሆነ ኮስተር ደግሞ 90 ሊትር ያህል። ሁለት ጀሪካን ተኩልና አራት ጀሪካን ተኩል ውሃ ብለሽ አስቢው። ሹፌሩ እግሩን ፍሬን ላይ ጭኖ ከወረደ ይህ ሙቀት በጥቂት ብረትና በፍሬን ሸራ ላይ ያርፋል። ሸራው ይግላል፣ መያዝ ያቆማል።

ከሸራው በፊት ሊከዳሽ የሚችል ሌላም ነገር አለ። የፍሬን ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 የሚባለው ዘይት የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥበት የጠጣው 155 ነው። ዘይቱ ሲፈላ ውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። ፔዳሉን ትረግጫለሽ፣ እግርሽ ወለል ይነካል፣ ጎማው ጋ የሚደርስ ነገር የለም።

ይህን በወሬ አይደለም የማውቀው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ደንበኛዬ ቤተሰቡን ጭኖ ሐረጎን ሲወርድ ፔዳሉ ባዶ ሆነበት። ማርሽ ቀንሶ፣ መኪናውን ከተራራው በኩል ካለው ቦይ ውስጥ አስገብቶ አቆመው። ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። ሞተሩን በዚያው ሳምንት የሠራሁለት እኔ ነበርኩ። ስለ ፍሬን ዘይቱ አልጠየቅሁትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለምንም ሥራ ጋራዥ የመጣ መኪና ሁሉ የፍሬን ዘይቱን ሳላይ አልለቀውም። በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ መለወጥ አለበት። መልኩ እንደ ቡና ከጠቆረ ሁለት ዓመቱን አትጠብቂ። ዶት 4 አድርጉበት።

አወራረዱ ላይ የድሮ ሹፌሮች ሕግ አሁንም ይሠራል። በምትወጪበት ማርሽ ውረጂ። ሐረጎን በሁለተኛና በሦስተኛ የምትወጪው ከሆነ በሁለተኛና በሦስተኛ ትወርጃለሽ። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቀንሺ። ፍሬኑን ጠንከር አድርገሽ ለአጭር ጊዜ ያዢና ልቀቂ፤ ቀስ አድርጎ ሁልጊዜ መያዝ ነው የሚያቃጥለው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ኒውትራል አድርጎ የሚወርድ ሹፌር ካላችሁ ቁልፉን ተቀበሉት።

ባለቤትሽ «ኮስተር ፍሬኑም ለክብደቱ የተሠራ ነው» ሊል ይችላል። ልክ ነው። አንዳንዱ ኮስተር የጭስ መውጫውን እየዘጋ ሞተሩን የሚያስይዝ ተጨማሪ ፍሬንም አለው። በደንብ የተያዘ ኮስተር ሐረጎን በሰላም ይወርዳል፤ በየቀኑ ይወርዳል። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። የሚሸጥላችሁ ኮስተር ለዓመታት ሰው ሲያመላልስ የኖረ ነው። የኋላ ጎማዎቹ ድርብ ስለሆኑ ስድስት ጎማ ነው የምትገዙት። ሸራው፣ ታምቡሩ፣ ባሌስትራው ሁሉ ከሃይኤሱ ይከብዳል፣ ይወደዳል። በዓመት አራት አምስት ጊዜ ለሚወጣ የቤተሰብ መኪና ያን ሁሉ በጊዜው መለወጥ ይከብዳል። ሰው ደግሞ ሲከብደው የሚያዘገየው ፍሬኑን ነው፤ ስለማይጮህ።

ስለ ዳገቱም ትንሽ ልበል። አየር ሲሳሳ ሞተር ይደክማል። ተርቦ፣ ማለትም አየር እየገፋ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። ደሴ ላይ ሩቡ የለም ማለት ነው። ዶልፊናችሁ ስሪ ኤል የሚባለው 2.8 ሊትር ሞተር ካላት 90 ያህል የፈረስ ጉልበት አላት ተብሎ ተጽፏል፤ ደሴ ላይ ግን 70 እንኳ አትሞላም። ዳገት ላይ የምትቃትተው እሷ አርጅታ ብቻ አይደለም።

እዚህ የማየው አብዛኛው አሮጌ ኮስተር ዋን ኤችዜድ የሚባለውን 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር የያዘ ነው። ትልቁ ላንድክሩዘር ላይ ያለው ሞተር ነው። ጠንካራ ነው፣ መለዋወጫው ደሴም ኮምቦልቻም አለ፣ የማይሠራው መካኒክ የለም። ግን ተርቦ የለውም። 130 ያህል የፈረስ ጉልበቱ ደሴ ላይ 100 ገደማ ይሆናል፤ የሚጎትተው ደግሞ 5 ቶን ነው። አባዱላው ቱ ኬዲ የሚባለው 2.5 ሊትር ሞተር ካለው 100 ያህል የፈረስ ጉልበት አለው። ተርቦ ስላለው ከፍታው ላይ ብዙ አያጣም፤ የሚጎትተው 3 ቶን ነው። አካፍዪው። ኮስተሩ ለእያንዳንዱ ቶን 20 ያህል ፈረስ አለው፣ ሃይኤሱ ከ30 በላይ። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ጣርማ በርን ስትወጡ ይህ ልዩነት በደንብ ይታያችኋል። ፋይቭ ኤል የሚባለው 3 ሊትር ሞተር ያለው አባዱላም አለ። እሱ ተርቦ የለውም፤ ይደክማል፤ ለነዳጅ ግን አይመርጥም።

ለነዳጅ መምረጥ ስል ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። የቱ ኬዲ ኢንጄክተሮች በጣም ቀጭን ቀዳዳ ያላቸው፣ ከፍተኛ ግፊት የሚሠሩ ናቸው። ትንሽ ውሃ፣ ትንሽ ቆሻሻ ያበላሻቸዋል። ማደያ ሲደርቅ በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ዶልፊናችሁ ያንን ስትጠጣ ኖራለች፣ አባዱላው ግን አይጠጣም። የናፍጣ ፊልትሮውን በጊዜው ለውጡ። ከስሩ ያለችውን የውሃ ማስወገጃ በየወሩ ክፈቱ። የግድ በጀሪካን ከገዛችሁ አንድ ሌሊት አስቀምጡት፣ ከላይ ያለውን ብቻ በጥሩ ጨርቅ አጥልላችሁ ቅዱ፣ ሦስት ጣት ያህል ከስር አስቀሩ።

ዋን ኬዲ የሚባለው 3 ሊትሩ ሞተር ከገጠማችሁ ደግሞ ስለ ኢንጄክተር ማሸጊያው ጠይቁ። በኢንጄክተሮቹ ስር ያለችው የመዳብ ቀለበት ስታረጅ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ሞተር ዘይቱ ያልፋል። ዘይቱ እንደ ሬንጅ ይወፍራል። ዘይት የሚስበውን ወንፊት ይደፍነዋል፣ ሞተሩም ያለ ዘይት ይሠራል። ሙሉ ሞተር የሚበላ ብልሽት ነው፤ መነሻው ግን ትንሽ ቀለበት ናት። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቺ፤ ከስሩ እንደ ጥቀርሻ የተጋገረ ነገር ካለ ተጠንቀቂ። ቺንጋውንም አትርሺ። ኬዲዎቹም፣ ዋን ኤችዜዱም ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ የሚያዞር የጎማ ቺንጋ አላቸው። ከ100,000 እስከ 150,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ መለወጥ አለበት። ሻጩ ተለውጧል ቢልሽም አንቺ ለውጪ። ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ።

የወንድምሽን ቅጥቅጥ ባጭሩ ልለፈው። በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ላሜራ ሠሪ የገጠመው ሰውነት ነው። ሻንሲው ይችላል፣ ጣራውም ከፍ ያለ ነው። ግን ባሌስትራው ለጭነት የተሠራ ነው። ባዶውን ሲሄድ ይዘላል። የ71 ዓመት ሴት ከውጫሌ ወደ ግሸን በዚያ ላይ አታስቀምጡ።

ውስጡን ስታሠሩ በችፑድ አትጀምሩ። ችፑድ ከባድ ነው፣ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ በመንገድ ንዝረት ብሎኑን ይለቃል። ቀጭን ቱቦላሬ አጥንት፣ ከላዩ 9 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ይበቃል። የዶልፊኗ አልጋ እንጨት ደህና ከሆነ ተጠቀሙበት። ለእናትሽ አልጋ ከወለሉ 45 ሴንቲ ያህል ከፍ ይበል። ተቀምጣ ተረከዟ ወለል ሲነካ፣ ጉልበቷም ከዳሌዋ ከፍ ካላለ ልኩ እሱ ነው። የአልጋዋ ቦታ ከኋላ አክስል በፊት ይሁን እንጂ ከኋላው አይሁን። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ነው በጉድጓድ የሚመታው። ውሃ ከባድ ነው፤ አንድ ጀሪካን 20 ኪሎ። ጀሪካኖቹን ከአልጋው ስር፣ በሁለቱ ጎማዎች መሐል አስቀምጡ። ፖርቶ መጋላ ላይ ፍራሽና ድንኳን ብቻ ይውጣ። ረጅም ጣራ ያለው መኪና ላይ ክብደት ከላይ መጫን ቁልቁለት ላይ በኩርባ ያጋድለዋል።

ስድስታችሁ ውስጥ አትተኙ። ይህንን ከወዲሁ እንድትስማሙበት እፈልጋለሁ። ሃይኤሱ አራት ሰው በደንብ ያስተኛል። ሁለቱ ትልልቅ ልጆች ድንኳን ይዘው ከመኪናው ጎን ይተኙ። በዚህ ዕድሜያቸው ይወዱታል።

እባካችሁ፣ ብርዱ እንዴትም ቢሆን ከሰል ወደ ውስጥ አታስገቡ። ግሸን ላይ ሌሊቱ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። እናትሽም ብርድ አይስማማትም። ግን የከሰል ጭስ ጠፍቶ ፍሙ ብቻ ሲቀርም ይገድላል። ከፍሙ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ብቻ ይመስላል። ቡናውም ውጭ ይፈላ፣ ምድጃውም ውጭ ይደር። ሞተር አስነስቶ መተኛትም ያው ነው። ሙቅ ውሃ በላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ እግሯ ስር አስገቡላት፣ ወለሉና ግድግዳው ላይ ስፖንጅ አስለብሱ፣ መስኮት ሁለት ጣት ያህል ክፍት ይደር። መስኮት ሲከፈት ጠዋት መስታወቱ ላይ የሚወርደው ላብም ይቀንሳል።

የወረቀቱን ነገር ሳትጨርሱ ቀብድ አትክፈሉ። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። ኮድ 3 ታርጋ ያለውን ወደ ግል ማዞር ቀረጥ ሊያስጠይቅ ስለሚችል መንገድ ትራንስፖርትና ጉምሩክ ሄዳችሁ ጠይቁ። ወንበር አውጥታችሁ አልጋ ስትሠሩም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቦሎ ስታወጡ ሊብሬው የሚለውና የሚታየው ካልተስማማ ትቸገራላችሁ። መንጃ ፈቃዳችሁንም እዩት። ኮስተር በአውቶሞቢል ፈቃድ አይነዳም።

የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ለከተማ ሥራ ጥሩ ነው። ቁልቁለት ላይ ራሱን እየያዘ ባትሪውን ስለሚሞላ ሐረጎን የመሰለ መንገድ ይስማማዋል። ነገር ግን ከደሴ ወጥቶ በገጠር መንገድ ላይ የሚያድር ቤተሰብ በየት ይሞላዋል? ለዛሬው የእናንተ ጉዞ አልመክረውም።

ኮስተሩን የምላችሁ መቼ ነው? እናትሽ 1.57ን ካለፈች። ወይም ባለቤትሽ መኪናውን ሰው ሊያመላልስበትም ካሰበ። ወይም ስድስታችሁም ውስጥ ማደር አለብን ካላችሁ። ያኔ ረጅሙን 6.99 ሜትር ሳይሆን አጭሩን 6.25 ሜትር ፈልጉ። ከተገዛበት ገንዘብ ውጪ ለፍሬንና ለስድስት ጎማ የሚሆን ለብቻው ያዙ፣ መጀመሪያ ቀን አሠሩት። ከዚያ ውጪ ኮስተር ለእናንተ ትርፍ ሸክም ነው።

ሃይኤሱን ስታገኙ እንዲህ ሞክሩት። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ድረሱ። ኮፈኑ ሲነካ ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋግጡ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቃችሁ በሌላ ቀን ተመለሱ። ስታስነሱት ሰማያዊ ጭስ ካለ ዘይት ይበላል። ነጭ ሆኖ የሚቆይ ጭስ ካለ ኢንጄክተሩን አስፈትሹ። የራዲያተሩን ክዳን በቀዝቃዛው ከፍታችሁ ሞተሩ ሲሠራ እዩ። አረፋ እየተከታተለ ከወጣ ጓርኒሲዮኑ (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ ወይ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ተሰንጥቋል።

ከዚያ አምስት ስድስት ሰው ጭናችሁ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ውረዱ። ባዶውን አትፈትኑት። ሐረጎን ጨርሳችሁ ሜዳው ላይ ስትደርሱ ቁሙና ውረዱ። እጃችሁን ወደ አራቱም ጎማ አቅርቡ፣ አትንኩት። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ እዚያ ፍሬኑ ተይዟል። አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ አይሠራም። የተቃጠለ ሽታ ካለ ሹፌሩ በማርሽ ወርዶ ይሁን በፍሬን አስታውሱ። ከዚያ ወደ ደሴ መልሳችሁ አውጡት፤ ዳገቱ ላይ የሙቀት መለኪያውን እዩ። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። የራዲያተር ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ቶሎ ይፈላባችኋል። ክዳኑ ርካሽ ነው፣ ለውጡት።

እናትሽን በዚያ ቀን ይዘሻት ሂጂ። ራሷ ትውጣ፣ ራሷ ትውረድ። መሐል ላይ ትቁም፣ አልጋው የሚሆንበት ቦታ ላይ ትቀመጥ። ማንም አይርዳት። እጇን የት ላይ እንደምታደርግ ተመልከቺና ቦታውን በኖራ ምልክት አድርጊበት። መያዣው የሚበየደው እዚያ ነው።